ማን ሲጠፋ ነው የሚፈለገው?

ኖቬምበር 1 ቀን 1828 ኤደንብራ ከተማ፣ ዌስት ፖርት በሚባለው የድሃ ሰፈር ውስጥ፣ አን ግሬይ የምትባል ሴት ጥላው የሄደችውን ካልሲ ልታነሳ ወደ አልጋው ጠጋ ስትል ያሳደራቸው ሰው ዊሊያም በርክ ተቆጣት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትናንት ማታ ከቤተሰቡ ጋር ስትጫወትና ስትዘፍን ያየቻት አየርላንዳዊት እንግዳ ዛሬ የለችም። የት ሄደች ብላ ብትጠይቅ ተባረረች ተባለች። ማምሻውን አንና ባሏ ጄምስ ብቻቸውን ሲቀሩ አልጋው ግርጌ የተከመረውን ጭድ ገለጥ አደረጉት። የሴትየዋ ሬሳ ነበር። ጓዛቸውን ይዘው ሲወጡ የበርክ ውሽማ መንገድ ላይ አገኘቻቸውና አፋቸውን ቢይዙ በሳምንት አሥር ፓውንድ ሊያገኙ እንደሚችሉ እየተማጸነች ነገረቻቸው። ለእነሱ ዓይነት ሰው በሕልምም የማይታሰብ ገንዘብ ነው። እምቢ ብለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

በርክና ጓደኛው ዊሊያም ሄር እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 16 ሰው ገድለዋል። ሬሳውን ሮበርት ኖክስ ለሚባል ዝነኛ የሰውነት አካል ትምህርት መምህር ለአንዱ ከስምንት እስከ አሥር ፓውንድ ይሸጡለት ነበር። ከሟቾቹ አንዱ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ አእምሮው ያልጠነከረ ጄምስ ዊልሰን የሚባል ወጣት ነው። የኖክስ ተማሪዎች ሬሳውን እንዳዩ ለዩት፤ መምህሩ ግን እሱ አይደለም አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። በከተማዋ ከፍተኛ ሊቅ የሚባለው ሰው ያላየውን፣ ወይም ማየት ያልፈለገውን፣ የኪራይ ቤት እንኳ የሌላቸው ባልና ሚስት ባንድ ቀን ደረሱበት።

የታወቁ ወንጀለኞችን ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት፣ የሬዲዮ ትረካዎችና የዩቲዩብ ዝግጅቶች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ በአማርኛም ጭምር። አብዛኞቹ የሚነሱት ከገዳዩ ነው፤ ከልጅነቱ፣ ከእናቱ ጭካኔ፣ ከጭንቅላቱ ብልጠት። እኔን ግን ዓመታት ሙሉ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሬሳ ከተገኘ በኋላ አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ሃምሳኛው እንዴት ሊከተል ቻለ? መዝገቦቹን ጎን ለጎን አድርጎ ላነበበ ሰው መልሱ ብዙ አያደናግርም። ለረጅም ጊዜ ሳይያዙ ከገደሉት መካከል በእርግጥ ብልህ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። የቀሩት የገደሉት ቢጠፋ የማይፈለግ፣ ቢፈለግም አቤት ባዩ የማይደመጥ ሰው ነው።

ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድም ያው ነው። ዢል ደ ሬ የፈረንሳይ ማርሻል ነበር፤ ከዣን ዳርክ ጎን ተሰልፎ እንግሊዞችን የወጋ፣ ርስቱ ተቆጥሮ የማያልቅ ባላባት። ከ1430ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በግንቦቹ ዙሪያ የገበሬና የእጅ ሠራተኛ ልጆች ይጠፉ ነበር። ወላጅ ያለቅሳል፣ ይንሾካሾካል፤ ጌታን ግን ማን ይከሳል? በ1440 ያስያዘውም የጠፋ ልጅ አይደለም። በርስት ጠብ ተነሳስቶ ታጣቂ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ገባና አንድ የቤተ ክህነት ሰው አስሮ ወሰደ። ይህ ሲሆን የናንት ጳጳስ ምርመራ ከፈተ፤ የእናቶቹና የአባቶቹ ቃል ያኔ በጽሑፍ መስፈር ጀመረ። ኦክቶበር 26 ቀን ተሰቀለ። ርስቱን የፈለጉ ሰዎች ያቀነባበሩት ክስ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የእምነት ቃሉም የማሰቃየት ዛቻ ተደቅኖበት የተሰጠ በመሆኑ ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው። የወላጆቹን ምስክርነት ግን እንደ ዋዛ ማለፍ አልችልም፤ ልጃቸው በስንት ዓመቱ፣ የት መንደር፣ ምን ሊያደርግ ወጥቶ እንደቀረ እየዘረዘሩ ነው የተናገሩት። የሃንጋሪዋ ባላባት ኤልዛቤት ባቶሪም በ1610 የተያዘችው የገበሬ ልጃገረዶች አልበቃ ብለው የመኳንንት ልጆች መሞታቸው ሲወራ ነው። 650 ሰው ገደለች የሚለው ቁጥር አንዲት ምስክር ከሌላ ሰማሁ ብላ የተናገረችው ስለሆነ ባይደገም ይሻላል።

በ1888 ለንደን ኋይትቻፕል ውስጥ ሴቶችን ያረደው፣ ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው ሰው እስካሁን አልታወቀም። ከመቶ በላይ ሰዎች በተጠርጣሪነት ስማቸው ተነስቷል፤ ሐኪም፣ ልዑል፣ ሠዓሊ ሳይቀር። በዚህ ሁሉ የግምት ክምር ውስጥ የአምስቱ ሴቶች ኑሮ ተዳፍኖ ቀርቶ ነበር። ሃሊ ሩበንሆልድ በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ አምስቱን ብቻ ተከትላ፣ ሦስቱ ሴተኛ አዳሪ ስለመሆናቸው አንዳች ማስረጃ እንደሌለ አሳየች። ሜሪ አን ኒኮልስ በተገደለችበት ሌሊት ከማደሪያ ቤት የተመለሰችው ለአልጋ የሚከፈለው አራት ፔኒ ስለጎደላት ነው። አኒ ቻፕማን የባለጸጋ ቤት ሠረገላ ነጂ ሚስት የነበረች፣ መጠጥ ትዳሯን የበተነባት ሴት ናት፤ እሷም በዚያች ሌሊት የአልጋ ገንዘብ አልነበራትም። ገዳዩ በእነዚያ ሌሊቶች የተጠቀመበት ችሎታ ኖሮት ከሆነ አላውቅም። ማደሪያ የሌላት ሴት በጨለማ ውጭ መሆኗን ለማወቅ ግን ችሎታ አያስፈልግም።

በዚህ ጥያቄ ላይ የእንግሊዙን የፒተር ሳትክሊፍ መዝገብ ያህል የሚያስተምር የለም። ከ1975 እስከ 1980 ድረስ በሰሜን እንግሊዝ 13 ሴቶችን ገደለ። ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል። ዘጠኝ ጊዜ! መረጃው በሙሉ በካርድ ላይ ይጻፍ ስለነበር ክፍሉ በወረቀት ተጨናነቀ፤ ወለሉ እንዳይደረመስ እስከመሥጋት ተደረሰ፤ አንዱ መርማሪ የጻፈውን ሌላው አያገኘውም። ይህ የአሠራር ድክመት ነው፤ በኋላ በኮምፒውተር የሚሠራ የምርመራ ሥርዓት እንዲዘረጋ ምክንያት ሆኗል። ከካርዱ በላይ የሚያንገበግበው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1976 ሊድስ ውስጥ አንዲት ጥቁር ወጣት በመዶሻ ተመትታ ተረፈች። የመታትን ሰው መልክ ለፖሊስ ገለጸች፤ በእሷ ቃል የተሠራው ምስልም ሳትክሊፍን በጣም የሚመስል ነበር። መርማሪዎቹ ከዚያ ገዳይ ሰለባዎች ዝርዝር ውስጥ አላስገቧትም። በ1979 ግን ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል የካሴት ድምፅ በፖስታ ሲደርሳቸው፣ የምርመራው ኃላፊዎች በሙሉ ልብ አመኑት። ድምፁ የሰንደርላንድ አካባቢ አነጋገር ስለነበረው ያ አነጋገር የሌለው ሰው ሁሉ ከጥርጣሬ ወጣ፤ ሳትክሊፍም አብሮ ወጣ። ካሴቱን የላከው አታላይ በዲኤንኤ ተለይቶ የተፈረደበት በ2006 ነው።

አንድ ያልታወቀ ወንድ በካሴት የላከው ውሸት ታመነ፤ ጭንቅላቷ የተፈነከተ ሴት ፊት ለፊት የተናገረችው እውነት ተጣለ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻኝም። በ1981 ችሎት ላይም ዋናው ዓቃቤ ሕግ፣ ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ሴተኛ አዳሪዎች አለመሆናቸው የጉዳዩ እጅግ አሳዛኝ ገጽታ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተናገረ። የሌሎቹ እናቶችና ልጆች እዚያው አገር ይህን እየሰሙ ነበር። ፖሊስ ስለ ሟቾቹ ለተናገረበት ቋንቋ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ሳትክሊፍ በ2020 እስር ላይ እያለ ሲሞት ነው።

ቫንኩቨርም ሚልዎኪም ተመሳሳይ ነው። በካናዳዋ ቫንኩቨር ከድሃው የመሀል ከተማ ሰፈር ሴቶች እየጠፉ ነበር፤ ብዙዎቹ ከአገሬው ተወላጆች ወገን ናቸው። በ1997 አንዲት ሴት ከሮበርት ፒክተን የአሳማ እርሻ በስለት ተወግታ አመለጠች፤ እሱም ተከሰሰ። ምስክሯ በዕፅ ሱስ የተጎዳች ናት በሚል ክሱ በተከታዩ ዓመት ተቋረጠ። በ1998 የከተማው ፖሊስ ባልደረባ የሆነ የወንጀል መልክዓ ምድር ባለሙያ፣ ኪም ሮስሞ፣ ተከታታይ ገዳይ ሊኖር ይችላል ብሎ ሲያስጠነቅቅ አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ፒክተን የተያዘው በ2002 ነው፤ በእርሻው ላይ የ33 ሴቶች ዲኤንኤ ተገኘ።

በአሜሪካዋ ሚልዎኪ ደግሞ ሜይ 27 ቀን 1991 አንድ ራቁቱን የሆነ፣ የሚደማ፣ ራሱን የሳተ የ14 ዓመት የላኦስ ስደተኛ ልጅ መንገድ ላይ ተገኘ። ሁለት ጥቁር ወጣት ሴቶች ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ ጄፍሪ ዳመር የተባለው ነጭ ሰው «ጓደኛዬ ነው፣ ተጣልተን ነው» ያለውን ተቀብለው ልጁን ወደ ዳመር ቤት መልሰው አስረከቡት። ወጣቶቹ ልጅ ነው፣ ተጎድቷል እያሉ ሲከራከሩ ዝም እንዲሉ ተነገራቸው። ግሌንዳ ክሊቭላንድ የተባለች ዘመዳቸው ደጋግማ ስልክ ደወለች፤ አዋቂ ሰው ነው ተባለች። ልጁ በዚያው ሌሊት ተገደለ። ዳመር እስኪያዝ ድረስ ሌሎች አራት ሰዎች ተከትለውታል። ከሥራ የተባረሩት ሁለት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ውሳኔ ተመለሱ፤ አንደኛውም በ2005 የከተማው ፖሊሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ይፈታል አልልም። በካሊፎርኒያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 ድረስ 13 ሰው የገደለውና ብዙ ሴቶችን የደፈረው ጆሴፍ ዲአንጄሎ የሚመርጠው መካከለኛ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች ቤት ነበር፤ ፖሊስም በትጋት ፈልጎታል። እሱ ራሱ የቀድሞ ፖሊስ ስለነበር ዱካ ማጥፋት ያውቅበታል። በ2018 የተያዘው ሩቅ ዘመዶቹ የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ ባስመዘገቡት የዲኤንኤ መረጃ በኩል ነው። ያኔ ያልነበረ ሳይንስ ነው የያዘው። እንዲህ ያሉ መዝገቦች አሉ፤ መካድ አይገባም።

ሳይንስ ግን በተቃራኒው ያሳሳተበትም ጊዜ አለ። የሶቭየቱ አንድሬይ ቺካቲሎ በ1984 ቦርሳው ውስጥ ቢላና ገመድ ይዞ ተይዞ ነበር። የደም ዓይነቱ በሟቾቹ ላይ ከተገኘው ናሙና ጋር አልገጠመም ተብሎ ተለቀቀና እስከ 1990 ድረስ ገደለ። ፍርድ ቤቱ በ52 ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ብሎታል። የሚመርጠው በባቡርና በአውቶቡስ ጣቢያ የሚያገኛቸውን ሕፃናት፣ ከቤት የኮበለሉ ወጣቶችና መጠለያ የሌላቸውን ሴቶች ነው። እንዲህ ዓይነት ወንጀል በሶሻሊስት አገር አይኖርም በሚለው እምነት የተነሳ ጋዜጦች ዝም አሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመጠበቅ የሚያስችል ማስጠንቀቂያ አላገኙም። በ1978 ለገደላት ለመጀመሪያዋ ሕፃን አሌክሳንደር ክራቭቼንኮ የሚባል፣ በግድያዋ እጁ የሌለበት ሰው በ1983 በሞት ተቀጣ። ለዚህ ሁሉ የብልህ ገዳይ ታሪክ መሸፈኛ መሆን የለበትም።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የገደለው ምናልባት ሃሮልድ ሺፕማን ነው፤ የእሱ ጉዳይ ደግሞ የኔን መልስ ጠለቅ ያደርገዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሺፕማን በማንቸስተር አቅራቢያ በምትገኘው በሃይድ ከተማ የሚወደድ ሐኪም ነበር። ዳይሞርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመጠን በላይ እየወጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሴቶችን ይገድላል፤ የሞት የምስክር ወረቀቱንም ራሱ ይፈርማል። በጃንዋሪ 2000 በ15 ግድያ ተፈረደበት። ዳኛዋ ጃኔት ስሚዝ የመሩት አጣሪ ጉባኤ ግን 215 ሰው መግደሉን አረጋገጠ። እነዚህ ሴቶች ቤትና ክብር የነበራቸው፣ ልጅ የወለዱና ያሳደጉ ናቸው። ከለላ ያሳጣቸው ዕድሜያቸው ነው፤ አሮጊት ስትሞት ማንም አይደነግጥም። በማርች 1998 ከአጠገቡ ያለ ሌላ ክሊኒክ ሐኪም የሆነችው ሊንዳ ሬይኖልድስ የሟቾቹ ቁጥር እንደበዛ፣ አሮጊቶቹም ወንበራቸው ላይ ልብስ እንደለበሱ መገኘታቸው እንዳሳሰባት አመለከተች፤ ጥርጣሬው ቀባሪዎችም ዘንድ ነበር። ፖሊስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው። የቀድሞዋ የከተማዋ ከንቲባ፣ የ81 ዓመቷ ወይዘሮ ካትሊን ግራንዲ፣ የሞቱት ከዚያ በኋላ በጁን ወር ነው። ሺፕማን ንብረታቸውን ለሱ የሚያወርስ ሐሰተኛ ኑዛዜ በራሱ ታይፕራይተር ጻፈ። ልጃቸው ጠበቃ ነበረች፤ የእናቷን ፊርማና አጻጻፍ ታውቃለች። ቢሮ ገብታ ብትናገር የምትደመጥ ሰው ነበረች ማለት ነው። ሬሳው ተቆፍሮ ወጣ፣ ዳይሞርፊን ተገኘበት፣ ነገሩ ተፈታ። በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሐኪም የፈረመውን የሞት ወረቀት ሌላ ሐኪም እንዲመረምረው የሚያስገድደው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ ከፍርዱ 24 ዓመት በኋላ።

ወንጀለኛውን ማን አስያዘው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። በኮሎምቢያ ሉዊስ ጋራቪቶ በ1990ዎቹ ከመቶ በላይ ድሃ ወንድ ልጆችን ገደለ፤ በጎዳና ማስቲካና ሎተሪ የሚሸጡ፣ በጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች። በኤፕሪል 1999 ቪያቪሴንሲዮ አጠገብ አንድ ልጅ ሊገድል ሲል ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው ራሱ ጎዳና የሚያድር ወጣት ነው።

እኛም የዚህ ዓይነት ታሪክ አለን። በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ከልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እዚያው ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በ1980ዎቹ መጨረሻ አየችው፤ በወጣትነቷ በፊቱ ተገርፋለች። ጓደኞቿን ፈልጋ ከሁለት ሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ከሰሰችው። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደ፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። በመካከል፣ በ1995፣ ያው የአሜሪካ መንግሥት ዜግነት ሰጠው። ዜግነቱን ያጣው በ2004፣ ወደ ኢትዮጵያ የተላከው በ2006 ነው፤ እዚህ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ሴቶቹ የፈለጉት ገንዘቡን አልነበረም፤ የደረሰባቸው በሕግ ፊት እንዲጻፍ ነው። በዘመኑ ወደየትም ሄደው አቤት ማለት አይችሉም ነበር፤ አቤት የሚባለው ለገራፊው ነውና።

የቀድሞ ሰዎች ደም ሲፈስ አፈርሳታ ይሉ ነበር፤ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እየማለ እንዲናገር ይደረጋል፤ ገዳዩ እስኪታወቅ ማንም አይበተንም። ብዙ በደል ነበረበት፣ ንጹሕ ሰውም በጅምላ ይቀጣበታል፤ ይመለስ አልልም። ነገር ግን መርማሪ ከሁሉ በፊት ጎረቤቱን፣ እረኛውን፣ ገረዲቱን መስማት አለበት የሚለውን ነገር ይዞ ነበር። በሊድስና በሚልዎኪ የጎደለው ይኸው ነው።

ደቡብ አፍሪካዊው ሞሰስ ሲቶሌ በ1994 እና በ1995 ሥራ ፈላጊ ሴቶችን ሥራ እንደሚያስቀጥራቸው እየነገረ ጭር ወዳለ ሜዳ ይወስዳቸው ነበር፤ በ38 ግድያ ተፈርዶበታል። ሥራ ፍለጋ የወጣች ሴት አንድ ቀን ሙሉ ብትቆይ ማን ይደነግጣል? አገር ተሻግራ ብትሄድስ? በኤፕሪል 2019 በቆጵሮስ፣ ሚትሴሮ በሚባል ስፍራ ቱሪስቶች በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የአንዲት ሴት ሬሳ አዩ። ምርመራው ኒኮስ ሜታክሳስ የተባለ የጦር መኮንን አምስት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን መግደሉን ገለጠ፤ ሴቶቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኔፓልና ከሩማንያ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ከሴቶቹ አንደኛዋ ከነልጇ መጥፋቷን አብሯት የምትኖረው ጓደኛዋ አንድ ዓመት ገደማ ቀድማ ለፖሊስ አመልክታ ነበር። የቤት ሠራተኞች ማኅበር ኃላፊውም አመልክቷል። የተሰጠው መልስ ወደ ደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል ተሻግራ ይሆናል የሚል ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቀ፣ የፖሊስ አዛዡ ተነሳ፣ ገዳዩ ሰባት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ይህን መዝገብ ሳነብ በቤይሩት፣ በሪያድና በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ከፊቴ አይጠፉም። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው። ድንገት ብትጠፋ አሠሪው «ጥላኝ ኮበለለች» ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ይህንንም ሲያደርግ ሕግ ተላላፊዋ እሷ ትሆናለች። ፈላጊ የሚያስፈልጋት ሴት ተፈላጊ ሆና ትመዘገባለች። እናቷ ወሎ ወይም ጅማ ሆና ስልኩ አልነሳ ሲላት የምትደውለው ለደላላው ነው፤ ደላላውም ያንኑ ይነግራታል፦ ኮብልላለች። ቆንስላዎቻችን እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሳቸው «ኮብልላለች» የሚለውን ቃል እንደ መልስ መቀበል የለባቸውም። መጨረሻ የታየችበት ቀን፣ የአሠሪው ስም፣ የቤቱ አድራሻ ተጽፎ፣ እዚያው አገር ፖሊስ ዘንድ እንደጠፋ ሰው መዝገብ እንዲከፈት መጠየቅ አለባቸው፤ የመዝገቡ ቁጥርም ለእናቷ ይሰጣት።